ስለ ደሴቶች እርሻና ስለ አገር ቀለብ

የአንድ አገር ኃይል በምን ይታወቃል ተብሎ ቢጠየቅ፣ አንዱ በሠራዊቱ፣ አንዱ በወርቁ፣ አንዱም በትምህርት ቤቱ ብዛት ነው ብሎ ይመልስ ይሆናል። እኛ ግን ከነዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቅ ሌላ ነገር አለ እንላለን፤ ይኸውም መርከብ ቢቀር፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ዝናብ ቢጠፋ ወይም ከመጠን ቢያልፍ፣ ያ አገር ስንት ወር ከራሱ ጓዳ ሊበላ ይችላል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ አጥብቀው የጠየቁትና ለብዙ መቶ ዓመታት በሥራ ሲመልሱት የኖሩት፣ በታላቁ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ተበትነው በሚገኙት ትንንሽ ደሴቶች የሚቀመጡ ሕዝቦች ናቸው። ዙሪያቸው ባሕር ብቻ ስለ ሆነ ጎረቤት ሄደው እህል ሊበደሩ አይችሉም። ስለዚህ የእነርሱን እርሻ መመርመር በባሕር ዳር ለሚኖር ብቻ ሳይሆን በተራራ ላይ ለሚኖርም ሕዝብ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

በ2002 ዓ.ም. ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀኖች ሲቀሩት፣ ዞዪ ተብሎ የተጠራ እጅግ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ በሰሎሞን ደሴቶች መንግሥት ምሥራቃዊ ዳርቻ በምትገኘው በቲኮፒያ ላይ ወረደ። ነፋሱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጥ ነበር። ቤቱን ጠራርጎ ወሰደ፤ የዛፉን ራስ ቈርጦ ጣለ፤ ባሕሩም ተነሥቶ በጠረፍ ያለውን መንደር አጠበው። ደሴቲቱ ከዓለም ሁሉ የራቀች ስለ ሆነች ለብዙ ቀን ወሬ አልተሰማም፤ በውጭ ያለውም ሰው ሕዝቡ አልቆ ይሆናል ብሎ ፈራ። ኋላ ግን በአየርና በመርከብ የሄዱት ደርሰው ሲያዩ አንድ ሰው እንኳ አልሞተም። ሽማግሌውንና ሕፃኑን ይዘው፣ ተንጠልጥሎ በወጣ ዓለትና በዋሻ ሥር ተጠልለው ነበር ያሳለፉት።

ነፍስ ከተረፈች በኋላ ነገ ምን ይበላል የሚል ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ከውጭ ርዳታ መድረሱ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን መርከብ ወደዚያ እስኪደርስ ብዙ ቀን ይፈጃል። ነፋስ የዛፍ ፍሬን ሊያረግፍ ይችላል፣ የሙዝንም ግንድ ሊሰብር ይችላል፤ በመሬት ውስጥ ያለውን ሥርና በጕድጓድ የተቀበረውን ምግብ ግን አይነካም። የቲኮፒያ እርሻ ምሥጢሩ ከዚህ ላይ ነው።

ይህችን ደሴት ለዓለም ያስታወቃት ሬሞንድ ፈርዝ የሚባል የኒው ዚላንድ ተወላጅ ሊቅ ነው። በ1928 ዓ.ም. ሄዶ አንድ ዓመት ያህል ከሕዝቡ ጋር ተቀምጦ፣ ቋንቋቸውን ተምሮ፣ ኑሮአቸውን ከልደት እስከ ሞት መርምሮ በ1936 ዓ.ም. የታወቀውን መጽሐፍ አወጣ። በእርሱ ጊዜ በደሴቲቱ ወደ 1,300 የሚጠጋ ሰው ነበረ። የደሴቲቱ ስፋት ግን 5 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በቀድሞው የአገራችን ልክ ቢሰላ 12 ጋሻ ተኩል ቢሆን ነው። ከዚህም ላይ የሐይቁና የተራራው ገደል ሲቀነስ የሚቀረውን አንባቢ ራሱ ያስላው። እኛ በአገራችን አንድ ባለርስት ብቻውን የያዘው ከዚህ ይበልጥ የነበረበትን ዘመን የምናውቅ ነን። በዚያች ቍራሽ መሬት ላይ ግን አንድ ሺሕ ሦስት መቶ ነፍስ ከትውልድ ወደ ትውልድ፣ ያለ በሬና ያለ ማረሻ፣ ያለ ማዳበሪያም ጭምር ኖሮባታል።

ከባሕር ላይ ሆኖ የሚያያት እንግዳ ደሴቲቱ በሙሉ ዱር ናት ብሎ ይሳሳታል። ዱር የሚመስለው ሁሉ ጓሮ ነው። ከሁሉ በላይ ኮኮናቱና የዳቦ ፍሬ ዛፍ፣ ለውዝ መሳይ ፍሬ ከሚሰጡ ሌሎች ረጃጅም ዛፎች ጋር ጥላ ይጥላሉ፤ ከነዚያ ሥር ሙዝና የሳጎ ዘንባባ ይቆማሉ፤ ከሁሉ በታች በጥላው ውስጥ ጎደሬና ቦዬ፣ እርድም ሳይቀር ይበቅላል። ዝናቡ ሲመጣ በመጀመሪያ በላይኛው ቅጠል ላይ ይሰበራል፣ ቀጥሎ በመካከለኛው ላይ ይንጠባጠባል፣ መሬቱንም ሳይሸረሽር ቀስ ብሎ ይሰርጋል። የረገፈው ቅጠል በበጋ መሬቱን ያለብሳል፣ በኋላም በስብሶ ይመግበዋል። እያንዳንዱ ዛፍ የማን እንደ ሆነ ይታወቃል። ምንም እንኳ አጥርና ድንበር ባይታይ፣ ባለቤት የሌለው የዳቦ ፍሬ በቲኮፒያ አይገኝም።

ስለ ዳቦ ፍሬ ጥቂት እንጨምር፤ በአገራችን ብዙ የማይታወቅ ነውና። ፍሬው የሰው ራስ ያህላል፤ በእሳት ሲጠበስ ውስጡ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ትኵስ ዳቦ ይመስላል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚህ ነው። እንግሊዞች ስለዚህ ዛፍ ሰምተው በምዕራብ ሕንድ ደሴቶች በባርነት ለሚሠሩት ሰዎች ርካሽ ቀለብ ይሆናል በማለት፣ ብላይ የሚባለውን መኰንን ባውንቲ በምትባል መርከብ በ1787 ዓ.ም. ወደ ታሂቲ ላኩት። በመመለሻው ላይ በ1789 ዓ.ም. መርከበኞቹ ዐምፀው እርሱን በታንኳ ላይ አወረዱት፤ ችግኙንም ወደ ባሕር ጣሉት። በሁለተኛው ጕዞ ተሳክቶለት ዛፉ ተተከለ። ነገር ግን ነጋዴዎቹ ዛፉን ሲወስዱ ከዛፉ ጋር ያለውን ጥበብ አብረው አልወሰዱም፤ ይኸውም ፍሬውን የማስቀመጥ ጥበብ ነው።

የዳቦ ፍሬ በወቅቱ እጅግ ብዙ ይሆናል፤ ከዛፍ ከወረደ ግን በጥቂት ቀን ይበላሻል። የደሴቶቹ ሰዎች ፍሬውን ልጠው፣ ልቡን አውጥተው፣ በቅጠል በተለበጠ ጕድጓድ ውስጥ ይከቱትና በቅጠል ሸፍነው ድንጋይ ይጭኑበታል። በዚያ ውስጥ ተብላልቶ ይኮመጥጣል፤ እንደ ሊጥም ይሆናል። በቲኮፒያ ይህ ምግብ ማሲ ይባላል። በየጊዜው ቅጠሉ እየተለወጠ ሁለትና ሦስት ዓመት ይቀመጣል፤ ሲፈለግ ከጕድጓዱ እየተቈረጠ ወጥቶ ይጋገራል። እንግዳ ሰው ሽታውን አይወደውም ይባላል። ይህን ስናነብ የወላይታ፣ የጉራጌ፣ የሲዳማና የጌዴኦ ወዳጆቻችን ፈገግ ማለታቸው አይቀርም፤ ምክንያቱም ከዚያ በብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ አንዱ የሌላውን ስም ሳይሰማ፣ የእኛም እናቶች እንሰቱን ፍቀው በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጕድጓድ ውስጥ ቀብረው፣ ድንጋይ ጭነው ቆጮ ያደርጉታልና ነው። ዮሴፍ በግብፅ የሰባቱን የጥጋብ ዓመታት እህል በጎተራ አከማቸ፤ እነዚህ ሴቶች ደግሞ ጎተራ ሊያስቀምጠው የማይችለውን ርጥብ ምግብ በመሬት ሆድ አከማቹ። ሁለተኛው ከፊተኛው የሚያንስ ጥበብ አይደለም።

ነገር ግን የቲኮፒያ ሰዎች ከመጀመሪያው ጠቢባን ነበሩ ብሎ መጻፍ እውነት አይሆንም። ፓትሪክ ከርችና ዳግላስ የን የሚባሉት ሊቃውንት በ1970ዎቹ መጨረሻ ሄደው መሬቱን ቈፍረው ከመረመሩ በኋላ የተገለጠው ታሪክ ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ900 ዓመት ግድም መጥተው፣ ዱሩን እያቃጠሉ አረሱ፤ አዕዋፉን ጨረሱ፤ የባሕሩንም ዛጎልና ዓሣ አመናመኑ። በጥንቱ አፈር ውስጥ ከሰሉና አጥንቱ ይህን ይመሰክራል። ዱሩ እያለቀ፣ አፈሩም ከተራራው እየወረደ ሲሄድ ነው ቀስ በቀስ ማቃጠሉን ትተው ዛፍ በመትከል የተተኩት። ከዚያም በኋላ፣ ከ1600 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ፣ የደሴቲቱን ዐሣማ በሙሉ አርደው ዘሩን አጠፉት። በአፈ ታሪካቸው እንደሚነገረው ዐሣማው የሰውን ጓሮ ይቈፍር፣ የሰውንም ቀለብ ይሻማ ነበር። ዐሣማ ለእነርሱ የክብር ግብዣና የሀብት መለኪያ ነበረ፤ በእኛ ዘንድ የበሬ መንጋ እንደ ማለት ነው። አንድ ሕዝብ የክብሩን ምልክት ለልጆቹ ቀለብ ሲል በፈቃዱ ማስወገዱ በታሪክ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ደሴቲቱን የሚያስተዳድሩ አራት አሪኪዎች፣ ማለት አራት ባላባቶች ነበሩ፤ የባላባትነቱ ማዕርግ ዛሬም አልጠፋም። አሪኪው በአንድ የፍሬ ዓይነት ወይም በአንድ የባሕር ክፍል ላይ ታፑ ሲያደርግ፣ እኛ ግዝት እንደምንለው ያለ ነው፤ እስኪፈታ ድረስ ማንም አይነካውም። ይህ ሥልጣን በጽሕፈት ቤት ውስጥ የተጻፈ አልነበረም፤ ባላባቱም ራሱ ከዚያው ጓሮ የሚበላ ስለ ነበረ፣ ፍሬው የሚያንስበትን ወራት ከሰው ሪፖርት ሳይሆን ከገዛ ሆዱ ያውቀው ነበር። ይህን ለሹማምንት አንባቢዎቻችን ማሰብ እንጂ ሌላ ትርጕም አንሰጠውም።

የሚያሳዝነውንም መደበቅ አይገባም። ሕዝቡ ከመሬቱ እንዳይበልጥ በጥንቱ ልማዳቸው ፅንስ ማስወረድና ሕፃን መግደል እንደ ነበረ፣ ወጣቶችም ሊመለሱ በማይችሉበት ሁኔታ በታንኳ ወደ ባሕር ይወጡ እንደ ነበረ ፈርዝ ጽፏል። ይህ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት ክፉ ነው፤ ደሴቲቱም ክርስትናን ከተቀበለች በኋላ ቀርቷል። የእርሻቸውን ጥበብ ስናመሰግን ይህን የኑሮአቸውን ክፍል የምናመሰግን የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ጥበቡም ቢሆን ወሰን ነበረው። በ1952 እና በ1953 ዓ.ም. ሁለት ዐውሎ ነፋሶች ተከታትለው ጓሮውን ባጠፉ ጊዜ ብርቱ ረኃብ ሆነ። ፈርዝ በዚያው ጊዜ ተመልሶ ሄዶ ነበርና በዐይኑ አየው። ጕድጓዱ ባዶ ሆነ፤ ስርቆት ተነሣ፤ የዚያን ጊዜው የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝም ሩዝ ላከ። የሆነ ሆኖ የባላባቶቹ ሥርዐት አልፈረሰም። ከዚያ ወዲህ ከሕዝቡ ብዙው ወደ ሌሎች የሰሎሞን ደሴቶች ሄዶ ሰፍሯል። ጓሮና ጕድጓድ አንድን መጥፎ ዓመት ያሳልፋሉ፤ ሁለት ተከታታይ መቅሠፍት ሲመጣ ግን የመንግሥት ጎተራ ያስፈልጋል። የጓሮን ዋጋ የሚያውቅ ሁሉ የመንግሥትን ጎተራ የማይፈልግ ነው ብሎ የሚከራከር ቢኖር ይህን ታሪክ ያንብብ።

አሁን ከትንሿ ደሴት ወደ ሃዋይ እንለፍ። በዚያ የጥንቱ የመሬት ድልድል አሁፑአ ይባል ነበር። ከተራራው ራስ ጀምሮ በወንዙ ሸለቆ ወርዶ እስከ ባሕሩ ድረስ የሚደርስ አንድ ቍራጭ ነው። እንጨቱ ከላይ፣ ጎደሬው ከመካከል፣ ዓሣው ከታች ስለሚገኝ፣ በአንድ ክፍል የሚኖር ሕዝብ የሚያስፈልገውን ነገር አብዛኛውን ከዚያው ያገኛል። ወንዙን በቦይ ጠልፈው በእርከን በተሠሩ የጎደሬ መደቦች ላይ ያሳልፉታል፤ ውሃው አይቆምም፤ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ይወርድና ወደ ወንዙ ይመለሳል። በመጨረሻም ወደ ባሕሩ ሲደርስ፣ በድንጋይ ግንብ በተከበበ ታላቅ ኵሬ ውስጥ ዓሣ ያሳድጋል። የኵሬው በር በእንጨት ፍርግርግ የተሠራ ነው፤ ትንሹ ዓሣ ከባሕር ይገባል፣ ከወፈረ በኋላ ግን ሊወጣ አይችልም። ይህን ሁሉ የሚቈጣጠር ኮኖሂኪ የሚባል ሹም ነበረ፤ ውሃ የሚያገኘው በቦዩ ሥራ ላይ የተገኘ ሰው ነው። በአፈ ታሪካቸውም ጎደሬ የሰው ታላቅ ወንድም ነው ይላሉ፤ ታናሽ ታላቁን ያከብራል፣ ታላቅም ታናሹን ያበላል።

በ1848 ዓ.ም. መሬቱ በግል ርስት እንዲከፋፈል ሕግ ወጣ። በአጭር ጊዜ ውስጥ አብዛኛው በሸንኮራ አገዳ ባለቤቶች እጅ ገባ። በ1870ዎቹ ደግሞ ከተራራው ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቦይ ተቈፍሮ የወንዙ ውሃ ወደ አገዳው ተመለሰ፤ ከታች የነበረው የጎደሬ መደብ ደረቀ። አገዳው ገንዘብ አመጣ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የሸንኮራው ዘመን ዛሬ አልፏል፤ ሃዋይም ከሚበላው ምግብ ከመቶው 85 እስከ 90 የሚሆነው በመርከብ የሚመጣ ነው ይባላል። በ1973 ዓ.ም. የሃዋይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የወንዙ ውሃ የባለርስቱ ሳይሆን መንግሥት ለሕዝብ በዐደራ የሚጠብቀው ነው ብሎ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ጎደሬ ተካዮች በየሸንጎው እየተሟገቱ አንዳንዱን ወንዝ ወደ ቀድሞ መንገዱ አስመልሰዋል። ለማድረቅ ጥቂት ዓመት የበቃውን ለማርጠብ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

በቱቫሉና በኪሪባቲ ያለው ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። እነዚህ አገሮች ከባሕር በላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ያሉ የአሸዋና የዛጎል ድርድሮች ናቸው፤ ወንዝ የላቸውም፣ አፈር የሚባልም ነገር የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን የዝናብ ውሃ በአሸዋው ሰርጎ ከጨው ውሃው በላይ እንደ ምስር ቅርጽ ሆኖ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። ሕዝቡ ይህን ዐውቆ፣ ጣፋጩ ውሃ እስኪገኝ ድረስ ሰፊ ጕድጓድ ቈፈረ፤ ቅጠል እየሰበሰበ አበስብሶ አፈር ሠራ፤ በውስጡም ቱቫሉዎች ፑላካ፣ ኪሪባቲዎች ባባይ የሚሉትን የጎደሬ ዘመድ ተከለ። አፈሩን አባት ለልጅ ያወርሳል። እኛ አፈር ከወንዝ ጋር እየፈሰሰ ሲሄድ ከድልድይ ላይ ቆመን የምናይ ሰዎች፣ አፈርን በእጁ የሚሠራ ሕዝብ መኖሩን ስንሰማ ማፈር አለብን። ዛሬ ባሕሩ ከፍ እያለ ጨዉ በነዚያ ጕድጓዶች ውስጥ እየገባ ነው። በ2015 ዓ.ም. ፓም የተባለው ዐውሎ ነፋስ ማዕበሉን በቱቫሉ ላይ ባነሣ ጊዜ ብዙ የፑላካ ጕድጓድ ጨው ገብቶበት ተበላሽቷል። ይህ የገበሬው ጥፋት አይደለም፤ እርሱ ያላነደደው ጢስ ውጤት ነው።

የራስን ጓሮ መተው ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ናውሩን ማየት ይበቃል። ፎስፌቱ ከ1906 ዓ.ም. ጀምሮ ተቈፍሮ ወጥቶ የሌላውን አገር እርሻ አለመለመ፤ የራሷ መሬት ግን አብዛኛው ሾጣጣ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሕዝቡም ገንዘብ ስላገኘ ሩዝ፣ ዱቄትና የቆርቆሮ ሥጋ እየገዛ ይበላ ጀመር፤ ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ሁሉ በውፍረትና በስኳር በሽታ በጣም ከሚታወቁት አንዱ ነው። ሳሞአም ሌላው አገር የማይበላው የቱርክ ዶሮ ጅራት፣ ሥብ ብቻ የሆነው፣ በብዛት ይገባባት ነበርና በ2007 ዓ.ም. ከለከለችው፤ ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት በጠየቀች ጊዜ ግን ክልከላው የንግድን ሕግ ይጥሳል ተብሎ እንድታነሣ ተገደደች። የፖንፔ ደሴት ታሪክ ከዚህ የተሻለ ነው። በዚያ ብዙ ሕፃናት የዐይንን ብርሃን የሚጠብቀው ቪታሚን ኤ ጐድሏቸው ተገኙ፤ ሐኪሞቹም መድኃኒት ከውጭ ያስመጡ ነበር። ሎይስ ኢንግልበርገር የምትባል ሴት ግን ካራት የሚባለውን የአገሩን ሙዝ አስመረመረች። ይህ ሙዝ ዘለላው ወደ ላይ የሚቆም፣ ውስጡ እንደ ብርቱካን የቀላ ነው፤ የቀድሞዎቹ እናቶች ጡት ለሚጥል ሕፃን ይሰጡት ነበር። ከነጩ የገበያ ሙዝ ጋር ሲነጻጸር የቪታሚኑ ምንጭ በውስጡ እጅግ ብዙ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ በጓሮ ቆሞ ሳለ ሰው በመርከብ ሲጠብቀው ነበር።

አንድ ነገር ሳንነግር ብናልፍ ግን ጽሑፋችን የጎደለ ይሆናል። የአገር ምግብ ሁሉ በራሱ ዋስ አይሆንም። የሳሞአ ገበሬዎች ጎደሬን ወደ ውጭ መሸጥ በጀመሩ ጊዜ፣ ገበያ የሚወደው አንድ ዓይነት ብቻ ስለ ነበረ አገሩ በሙሉ ያንኑ ተከለ። በ1993 ዓ.ም. የቅጠል በሽታ ገባ፤ ያ ዓይነት ለበሽታው እጅግ ደካማ ነበረና በአንድ ዓመት ውስጥ ንግዱ ጠፋ፣ የሕዝቡም ድስት ባዶ ቀረ። መዳኛው የተገኘው ከሌሎች ደሴቶችና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ከመጡ፣ ማንም ለገበያ ከማይፈልጋቸው የጎደሬ ዓይነቶች ነው፤ እነዚህን ከሳሞአው ጋር እያዳቀሉ በሽታውን የሚቋቋም አበቀሉ። ዛሬ በፊጂ ዋና ከተማ በሱቫ የደሴቶቹን ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ሙዝና ስኳር ድንች በትንንሽ ብልቃጥ ውስጥ ሕያው አድርጎ የሚጠብቅ የጋራ ማእከል አለ። ሥር የሚበላ ተክል በፍሬው ስለማይዘራ፣ በጎተራ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ካልተተከለ ይጠፋል።

ይህ ሁሉ ስለ ሩቅ ደሴት ነው ብሎ የሚተወው እንዳይኖር፣ በአጭሩ ወደ አገራችን እንመለስ። ጎደሬና ቦዬ በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ይተከላሉ፤ እንሰቱም ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይመግባል። በ2023 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መሬት፣ ረጃጅም ዛፍ ከላይ፣ እንሰትና ቡና ከሥሩ፣ ሌላውም አትክልት ከዚያ በታች ሆኖ የሚታረስ ነውና፣ የቲኮፒያን ሰው ዐይኑን ሸፍነው ወስደው በዚያ ቢያቆሙት ከቤቱ የወጣ አይመስለውም። ሆኖም በጽሕፈት ቤታችን ቀለብ ሲነሣ የምንቈጥረው በኵንታል የሚሰፈረውን እህል ነው። ሥር ግን በአንድ ቀን አይታጨድም፣ በአውድማ አይከመርም፤ ባለቤቷ ለዕለት ራቷ የሚበቃውን ያህል ቈፍራ ታወጣዋለች። የጥንቱ ግብር ሰብሳቢ ሊያገኘው አልቻለም ነበር፤ የዛሬው መዝጋቢም አያገኘውም። ያልተቈጠረ ነገር ደግሞ በጀት አይያዝለትም። ለስንዴው የተመደቡትን ያህል ሊቃውንት ለእንሰት የሚመድብ እስከ ዛሬ አላየንም፤ የእንሰትን አጠውላጊ በሽታ ሊቃውንት በ1968 ዓ.ም. ለይተው ጽፈውታል፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት እንደ ሆነ መቍጠር ቀላል ነው። በደጋው ሰሜን ጎደሬ ይተከል አንልም፤ አየሩና አፈሩ አይፈቅድም፤ የዚያም አገር ሰው በመሬት ውስጥ በተቈፈረ ጕድጓድ እህል የሚያኖርበት የራሱ ልማድ አለው። የምንለው፣ የእርሻ ሹም ወደ አንድ ወረዳ ሲሄድ በአውድማው ላይ ያለውን ከሰፈረ በኋላ፣ በጓሮው የተተከለው ስንት ዓመት እንደ ሞላው፣ በጕድጓዱ ያለውም ለስንት ወር እንደሚበቃ ከቤቲቱ እመቤት ይጠይቅ ነው።

ቲኮፒያን ደግሞ ባለችበት ትተናት እንዳንሄድ እንጨርስ። የዞዪ ነፋስ በሐይቁና በባሕሩ መካከል ያለውን የአሸዋ ድንበር ሰብሮት ነበርና ጨዉ በጣፋጩ ሐይቅ ገብቶ፣ በዳርቻው ያለው ሳጎና ጎደሬ እየሞተ ሄደ። የሰሎሞን መንግሥት ሩቅ ነበረ፤ ማሽንም ወደዚያ ለማምጣት አይቻልም። በ2006 ዓ.ም. ሕዝቡ ከውጭ ወዳጆች የሽቦ መረብ ተቀብሎ፣ ወንዱም ሴቱም ድንጋይ ተሸክሞ መረቡን እየሞላ እየደረደረ፣ የተሰበረውን ድንበር ዘጋው።